እጅ የሚነሳው ሕፃን

የሆስፒታሉ አሳንሰር ወደ ምድር ቤቱ ሲወርድ መንገድ ላይ ተንገጫገጨና ቆመ፤ መብራቱም አብሮ ጠፋ።

«አይዟችሁ፣ አሁን ይመጣል» አለች የአንጎል ማሽኑ ባለሙያ። «የኛ መብራት እንደ ጎረምሳ ነው። ወጥቶ ወጥቶ ሲርበው ይመለሳል።»

የሳቀላት አልነበረም። በብረት ፍርግርጉ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሦስት ነፍሶች አሉ፤ ጠዋት ከሩቅ ባቡር የወረደች ወጣት እናት፣ አማቷና በወጣቷ እቅፍ ያለ የሰባት ወር ወንድ ልጅ። ጨለማው ድፍን ያለ ነው። ከላይ የአሳንሰሩ ገመድ ሲጢጥ ሲል ይሰማል።

«እጅ እየነሳ ነው» አሉ አማትየዋ።

«ማን፣ እማማ?»

«ልጁ ነዋ። እግሩን ይዤዋለሁ፣ ባጎነበሰ ቁጥር ይሳብብኛል። ይኸው... ደግሞ ይኸው።»

«እማዬ፣ ይተዉ እባክዎ» አለች እናትየዋ፤ ይህን ብዙ ጊዜ ያለች ትመስላለች።

«ምን አደረግኩ እኔ? በዚህ ጨለማ ለማን ነው እጅ የሚነሳው አልኩ እንጂ።»

መብራቱ መጣ። ባለሙያዋ ልጁን አጥርታ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ጉንጩ ሙሉ፣ ፀጉሩ ለስላሳ፣ ሰው የሚሳሳለት ልጅ ነበር። ሁለት እጆቹ በድንገት ወደ ጎን ይዘረጋሉ፣ አንገቱ ይደፋል፣ ከወገቡ እጥፍ ይልና ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንዳጎነበሰ ይቆያል። ከዚያ ይለቀዋል። ጥቂት ያርፍና እንደገና። ለትልቅ ሰው እጅ እንደሚነሳ አሽከር፣ ሳይቸኩል፣ ሳያዛንፍ። በመሀል ቀና ሲል የሚያየው እናቱን አልነበረም። ዓይኑ ከባለሙያዋ ትከሻ በላይ የአሳንሰሩ ጥግ ላይ ተተክሏል። ባለሙያዋ ዞር ብላ አየች። ከዛገ ብረት በቀር ምንም የለም። ዞር በማለቷ በራሷ ተናደደች፤ ጀርባዋ ላይ የተሰማት ብርድ ግን ምድር ቤት እስኪደርሱ አለቀቃትም። ይህን እጅ መንሳት ከዚህ በፊት አይታዋለች፤ ያየችውም በእህቷ ቤት ነው።

በሆስፒታሉ ውስጥ የባለሙያዋን ትክክለኛ ስም የሚጠራ የለም። ጣቶቿ ከቀለም ጠርተው ስለማያውቁ «ቀለሚቱ» ይሏታል፤ ደመወዝ ከፋዩ ሳይቀር። በጦርነቱ ዘመን ቴሌግራፈኛ ነበረች። ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት የአንጎል ማሽኑ በሦስት ሳጥን ታሽጎ ሲመጣ፣ የሚሮጥ ወረቀት ማንበብ የሚችል ሰው ይፈለግ ተባለና እሷ ተገኘች። ማሽኑ ቁም ሣጥን ያክላል። የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ የብር ቁራጮች በሙጫ ጭንቅላት ላይ ይለጠፋሉ፤ ከነሱ የሚወጡት ሽቦዎች አንጎል የሚያመነጨውን ኢምንት ኤሌክትሪክ ይዘው ይመጣሉ፤ ስምንት ብዕሮች ደግሞ ያንን በወረቀት ላይ ይጽፉታል። ኢምንት ስለሆነም ማንም ያውከዋል። ውጭ ትራሙ ሲያልፍ ብዕሮቹ ያብዳሉ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ሰው ራጅ ሲነሳ ያብዳሉ። ስለዚህ ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ በመዳብ ወንፊት ተሸፍኗል፤ ግድግዳው ላይም በኮሎኔሉ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ የሚል ትእዛዝ ተለጥፏል፤ «ብዕር ሲያብድ ማሽኑ ይመርመር፣ ወረቀቱ ይቀደድ፣ መዝገቡ ላይ ብልሽት ተብሎ ይጻፍ።»

ኮሎኔሉ የክፍሉ ሹም ናቸው። የጦር ሜዳ ሐኪም ሆነው ጥይት የበሳውን ጭንቅላት ሲጠግኑ የኖሩ፣ በማዕረጋቸው ያልጠራቸውን ሰው የማይሰሙ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው የታዩበት ቀን የማይታወስ ሰው ናቸው። የሚጥል በሽታ ያለበት ወታደር ወረቀት ላይ ከአንድ ቦታ ብድግ የሚል ሹል ምልክት አግኝተው «እሾህ» ብለውታል። እሾሁ ያለበት ቦታ የበሽታው ቤት ነው ይላሉ፤ ተሳስተውም አልነበረም። አሁን ያንኑ እሾህ በሕፃናት አንጎል ውስጥ እየፈለጉ ነው። ከእንስሳ ዕጢ የሚወጣ አዲስ መርፌም መጥቶላቸዋል፤ ጥቂት ጠርሙስ ብቻ። መርፌው እሾህ ለታየበት ልጅ ብቻ ነው የሚሰጠው።

አምና የቀለሚቱ እህት ሴት ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ስምንት ወሯ ነበር፤ እጅ ትነሳለች። ቀለሚቱ ራሷ ለጠፈችላት፣ ብዕሮቹ አበዱ፣ እንደ ትእዛዙ ወረቀቱን ቀደደች፣ እሾህ አላየችምና ደረጃው ድረስ ሮጣ ወጥታ «ምንም የለባትም፣ ቁርጠት ነው» አለቻት። እህቷን እንዲህ ደስ አሰኝታት አታውቅም። ልጅቷ አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አትቀመጥም። ስሟን ሲጠሯት አትዞርም። እህትማማቾቹ ይህን ነገር አንስተው አያውቁም። ቀለሚቱ ግን በየሳምንቱ እህቷ ቤት ገብታ ልጅቷን ባቀፈች ቁጥር አንድ ሐሳብ ይመጣባታል፤ እንዳመጣጡም ታባርረዋለች።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የወንፊቱን በር ዘጋች። ከወንፊቱ ውስጥ ድምፅ ሁሉ ይሞታል፤ የራስ ትንፋሽ የሰው ትንፋሽ ይመስላል። ልጁ በእናቱ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ቀለሚቱ ኤተር ኤተር የሚሸተውን ሙጫ እያስነካች የብር ቁራጮቹን አንድ በአንድ ለጠፈች።

«ይስቅ ነበር» አለች እናትየዋ ሹክ ብላ። «አባቱ ኮፍያውን አውልቆ ሲያደርግ ይፈነዳ ነበር በሳቅ። እጅ መንሳቱ ከጀመረ በሳምንቱ ተወ። አሁን አባቱ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ያደርጋል፣ ያወልቃል። ልጁ የለም። ገላው አለ እንጂ ልጁ የለም፣ እትዬ።»

«ሐኪም አላየውም?»

«ሦስት አየው። የሚጥል በሽታ ነው እንዴ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ገና ያልቆመ ልጅ ከየት ወዴት ይጥለዋል አሉኝ።»

ማሽኑ ሲሞቅ ቆየና ተነሳ። ብዕሮቹ ወረቀቱን እንደነኩ አበዱ። ማበድ ሲባል እንዲህ ነው፤ አንዱ ወደ ላይ ሲሰነጠቅ ሌላው ወደ ታች ይወድቃል፣ አንዱ ሲጎተት ጎረቤቱ ይቆራርጣል፣ ሁለቱ አንድ ነገር የሚሉበት ጊዜ የለም። ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ይረጫል። ልጁ ግን ተኝቷል። ትንፋሹ እኩል ነው፣ ጣቱ እንኳ አይንቀሳቀስም። ከዚህ ጸጥ ካለ ፊት ያ ሁሉ ሁካታ ይወጣል ብሎ ማን ያምናል?

ኮሎኔሉ አላመኑም። ገቡ፣ ከወንፊቱ ውጭ ቆመው ወረቀቱን አንድ ክንድ ያህል አነበቡ፣ ልጁን አዩ።

«ብልሽት ነው» አሉ። «ማሽኑን አጥፊ፣ ወረቀቱን ቅደጂ።»

«ጌታዬ፣ ትራሙ እኮ ዛሬ አይሠራም። መብራት በፈረቃ ስለሆነ—»

«ትራሙ ካልሆነ ራጁ ነው። ራጁ ካልሆነ ማሽኑ ነው። ተኝቶ ያለ ልጅ አንጎል እንዲህ አይጮህም።» ወደ እናትየዋ ዞሩ፤ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። «የእኔ እመቤት፣ የሚጥል በሽታ የሚጥለው የቆመን ሰው ነው። ልጅሽን የያዘው ቁርጠት ይሆናል፣ ያድግና ይተወዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባቡር አለሽ፣ እንዳያመልጥሽ።»

ወጡ። ከባድ ጫማቸው ኮሪደሩ ላይ እየራቀ ሄደ።

እናትየዋ አላለቀሰችም። ልጁ ጭኗ ላይ እንደተኛ መጠቅለያውን ማጣጠፍ ጀመረች፤ አጣጥፋ ጨረሰችና ዘርግታ እንደገና አጣጠፈችው። አማትየዋ ከጥግ ሆነው «እኔ ቀድሜ ተናግሬአለሁ» አሉ። «ሐኪም የማያየውን እንግዳ ሐኪም አያስወጣውም።»

ቀለሚቱ ወረቀቱን ይዛ ቆማለች። ቁርጠት የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። አምና የእሷ አፍ ያለው ነው። ያ ስታባርረው የኖረችው ሐሳብ መጣ፤ አሁን የምታባርርበት ጉልበት አላገኘችም። ይህ ወረቀት ብልሽት ካልሆነ የእህቷ ልጅ ወረቀትም ብልሽት አልነበረም። ማሽኑን አጥፍታ እነዚህን ሰዎች ወደ ባቡራቸው ብትሸኝ፣ አምናም ትክክል ነበረች፣ ዘንድሮም ትክክል ናት፣ እህቷ ቤትም እንደ ልማዷ ትገባለች ትወጣለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ፈራች፤ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም። ልጁን አየችው፤ ጣቱን አፉ ውስጥ አድርጎ ተኝቷል።

«አትነሺ» አለቻት እናትየዋን።

«ባቡሩ—»

«ባቡሩ ይቆይ። አትነሺ፣ ሻሽሽን አውልቂ።»

ከልጁ ራስ አራቱን ሽቦ ነቅላ እናትየዋ ራስ ላይ ለጠፈች። አሮጊቷ ሙጫው የምራታቸውን ፀጉር ሲያጣብቀው እያዩ «ደግሞ እሷን ምን አገኛት?» አሉ።

«ምንም፣ እማማ። ማሽኑን ነው የምመረምረው። ማሽኑ ካበደ ለሁለቱም ያብዳል። ካላበደ ግን...» አልጨረሰችውም።

ወረቀቱን እንደገና አስኬደች። ላይኞቹ አራት ብዕሮች፣ የእናትየዋ፣ ጥቂት ተንቀጠቀጡና ሰከኑ። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለቻት፤ ስትጨፍን ልስልስ ያለ እኩል ሞገድ መጣ፣ የጤነኛ ሰው ሞገድ። ከዚያ በታች፣ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ደቂቃ፣ የልጁ አራት ብዕሮች ይሰነጣጠቃሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይጮሃሉ። በሁለቱ መካከል ሦስት ጣት የሚያህል ነጭ ወረቀት ነው ያለው። ቀለሚቱ በዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ጣቷን አሳለፈች። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፤ ልቧ ፈረደባት።

«ማሽኑን አጥፊ አላልኩም?»

ኮሎኔሉ በሩ ላይ ቆመዋል። የብዕሮቹ መፋተግ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል፣ ያ ነው የመለሳቸው።

«ብለዋል፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ?»

«አላጠፋሁም።»

በሃያ ዓመት አገልግሎታቸው እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው ያውቁ እንደሆነ እንጃ። ለመናገር አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ አረፈና አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ይህን ጊዜ ልጁ ነቃ።

«መጣ» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው። «ሲነቃ ነው የሚመጣበት።»

ልጁ ዓይኑን ገለጠ። እናቱን አላየም። ከኮሎኔሉ ኮፍያ በላይ፣ ወንፊቱና ጣሪያው የሚገናኙበትን ቦታ አየ። እጆቹ ተዘረጉ፣ አንገቱ ተደፋ፣ ከወገቡ ታጠፈ።

የልጁ ብዕሮች ዝም አሉ።

ቀስ በቀስ አይደለም። ያ ሁሉ ጩኸት በአንድ ቅጽበት ተቆረጠ፤ አራቱም አራት ቀጭን ቀጥ ያሉ መስመሮች እየሳሉ ወረቀቱ ሥር ሥራቸው አለፈ። የእናትየዋ ብዕሮች ግን የልጇን መታጠፍ ስትሰማ ደንግጠው ዘለሉ። ልጁ ቀና አለ፤ ጩኸቱ ተመለሰ። እንደገና አጎነበሰ፤ እንደገና ዝም። ጫጫታ ቤት ውስጥ አንድ የተፈራ ሰው ገብቶ ሁሉም አፉን እንደሚይዘው ነበር፤ የገባውን ግን የሚያየው ያ ልጅ ብቻ ነው። ቀለሚቱ በአጋንንት አታምንም። ያን ቀን ግን ኮሎኔሉን ቀና ብላ ስታያቸው ቀስ ብለው ከኋላቸው ያለውን ጣሪያ ሲመለከቱ አገኘቻቸው።

ልጁ ወደ ሃያ ጊዜ እጅ ነሳ። ከዚያ አለቀሰና ደከመው።

ኮሎኔሉ የወንፊቱን በር ከፍተው ገቡ፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«የትኛው ቀደመ? ዝም ሲል የትኛው ብዕር ቀደመ?»

«አንዱም አልቀደመም፣ ጌታዬ። ባንዴ ናቸው።»

«እሾሁ አንድ ቦታ መሆን አለበት። ከአንድ ቦታ ተነስቶ ነው የሚዛመተው።»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለች ቀለሚቱ። «ቴሌግራፈኛ ነበርኩ። አንድ መስመር ሲበላሽ አንድ መስመር ነው ዝም የሚለው። የከተማው መስመሮች ሁሉ ባንዴ ዝም ካሉ ግን መስመር ለመስመር አንሄድም ነበር። ሄደን የምናየው ማዕከሉን ነው።»

ኮሎኔሉ የልጁን ጭንቅላት በመዳፋቸው ዙሪያውን ዳሰሱት፤ ግንባሩን፣ ጎኑን፣ ከዚያ እጃቸው ወደ ማጅራቱ ወርዶ እዚያ ቆመ።

«ከሥር» አሉ። «ከላይ የምናየው ሁሉ ጩኸት ነው። አዛዡ ከሥር ነው።» ወዲያው ሌላ ነገር የገባቸው መሰለና ፊታቸው ተለወጠ። «ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት አጋጥሞሻል?»

ሆዴ ይፍጀው ማለት ይቻል ነበር። መዝገቡን የሚያነበው እሷ ብቻ ናት።

«አሥራ አንድ ሕፃን» አለች።

«የት አለ ወረቀቱ?»

«ቀድጄዋለሁ።»

«ማን ቅደጂ አለሽ?»

ቀለሚቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሕፈት አየች። ኮሎኔሉም ዞረው የራሳቸውን የእጅ ጽሕፈት ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ የበሽተኛውን ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ተቀምጠው ሲታዩ ሽማግሌ ነበሩ።

«ልጁ ሆስፒታል ይተኛ» አሉ በመጨረሻ። «መርፌው ዛሬ ይጀመርለት። ይሠራል አልልም፤ ለስንቱ እንደሠራ ራሴም አላውቅም። አሥራ አንዱንም ፈልገሽ አስጠሪልኝ፤ ኮሎኔሉ ናቸው የቀደዱት ብለሽ ንገሪያቸው።»

«የቀደደው የኔ እጅ ነው፣ ጌታዬ።»

«ያዘዘው የኔ አፍ ነው።»

እናትየዋ ይህ ሁሉ ሲባል የቀለሚቱን ክንድ ይዛ ነበር። «ይስቃል?» አለች። «እትዬ፣ ከዳነ ይስቃል?»

ቀለሚቱ አምና ደረጃው ላይ አንድ መልስ ሰጥታ ነበር፤ የማታውቀውን እንደምታውቅ ሆና።

«አላውቅም፣ እህቴ» አለች። «ቶሎ ነው የደረስሽው። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ከወንፊቱ ስትወጣ መዝገቡን አልገለጠችም፤ የመጀመሪያውን ስም ለማግኘት መዝገብ አያስፈልጋትም። አሳንሰሩን መጠበቅ አልቻለችም፣ በእግሯ ወጣች። የስልክ ክፍሉ ባዶ ነበር። እህቷ የምትሠራበትን የልብስ ስፌት ቤት ቁጥር ለማዞሪያ ሠራተኛዋ ሰጠች፣ መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ያዘች። ከወዲያ በኩል የሲንጀር መኪናዎቹ ድምፅ ቀድሞ መጣ፣ ከዚያ የእህቷ።

«እኔ ነኝ» አለች ቀለሚቱ። «ነገ ጠዋት ልጅቷን አምጫት።»

«ምነው? ምን ተገኘ?»

«አምና... ተሳስቻለሁ። ምንም የለባትም ያልኩሽ ልክ አልነበረም። ወረቀቷ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ማንበብ ያቃተኝ። ብልሽት ነው ብዬ ቀደድኩት።»

ሲንጀሮቹ ብቻ ይሰማሉ።

«ስሚኝ እንጂ፣ ስደቢኝ።»

«አውቃለሁ» አለች እህቷ።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«እንዳመማት። እናቷ አይደለሁ? አንቺ የነገርሽኝ ዕለት ማታ ነው ያወቅኩት። ሌላ ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ልብሷን ሁሉ አልብሼ ነበር። ከዚያ እህቷ እንኳ አላመነቻትም ቢሉብሽስ አልኩ። ደረጃው ላይ እንዴት ደስ ብሎሽ እንደነበር አየሁ። አንቺን ከማሳፍር ብዬ ልብሷን መልሼ አወለቅኩላት።»

ቀለሚቱ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ሰዓት ላምጣት ነገ?» አለች እህቷ።

«ነገ አይደለም» አለች ቀለሚቱ። «አሁን አልብሻትና ነይ።»